ለሕዝብ ያልወጡ የዲስኮ አልበሞች ምሥጢርና የመሐንዲሱ ድርሻ

(በጃጁራ ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላትና የሙያ ባልደረቦች የቀረበ ንግግር)



በጃጁራም ሆነ በሆሳዕና ወይም በዱራሜ፣ ዕድሜ ጠገብ በሆነ ቤት ውስጥ ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ አቧራ የለበሰ ካርቶን አይጠፋም። በካርቶኑ ውስጥ ሽፋናቸው የጠፋ፣ ጽሕፈታቸው የደበዘዘ ካሴቶች ታጭቀው ይገኛሉ። ቴፑ ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል፤ የቤቱ ልጆችም ካሴትን በእስክርቢቶ ማጠንጠን ምን እንደ ሆነ አያውቁም። ይሁን እንጂ የቤቱ እናት ካርቶኑን አውጥተው ለመጣል አይደፍሩም። ለምን እንደማይጥሉት ቢጠየቁ «ምን እንዳለበት ማን ያውቃል?» ብለው ይመልሳሉ። የዛሬው ንግግር መነሻ ይህች አጭር ጥያቄ ናት።

«ማን ያውቃል?» የምትለው ቃል በሙዚቃ አፍቃሪዎች ዘንድ ልዩ ኃይል አላት። አንድ አልበም በስቱዲዮ ተቀድቶ፣ ሁሉ ነገር ተሟልቶለት፣ ነገር ግን ለገበያ ሳይወጣ በመጋዘን የቀረ እንደ ሆነ፣ ሕዝብ ሁሉ ከሰማው አልበም ይልቅ ይወራለታል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተቀዱት የዲስኮ ሥራዎች በዚህ ረገድ ስማቸው የታወቀ ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሐንዲስ ይህን ጉዳይ ከራሱ ሙያ አንጻር ሊመለከተው ይችላል። ሳይሠራ የቀረን ድልድይ ንድፍ አይቶ የሚያዝን ሰው ኀዘኑ ለሐሳብ ብቻ ነው። ያልወጣ አልበም ግን ንድፍ አይደለም። ምሰሶው ቆሟል፤ ብረቱ ታስሯል፤ አርማታው ጠንክሯል፤ የጎደለው ወደ ድልድዩ የሚያደርሰው መንገድ ብቻ ነው። ሰውን የሚያስደንቀውም፣ የሚያስቆጨውም ይኸው ነው።

ዲስኮ ለምን ብዙ እንዲህ ያሉ ድልድዮችን ትቶ አለፈ? ምክንያቱ የታሪኩ ፍጥነት ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካ ከተሞች የጭፈራ ቤቶች ተነሥቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ጁላይ 12 ቀን 1979 ደግሞ በቺካጎ ከተማ፣ ኮሚስኪ ፓርክ በተባለው የቤዝቦል ሜዳ የዲስኮ ሸክላዎች ተሰብስበው በፈንጂ እንዲወድሙ ተደረገ፤ ተመልካቹም ሜዳውን ወርሮ ሁከት ተነሣ። ከዚያ ወዲህ የሸክላ ኩባንያዎች ዲስኮ ከሚለው ስም መሸሽ ጀመሩ። በሥራ ላይ የነበሩት ሙዚቀኞች ግን ልማዳቸውን በአንድ ሌሊት ሊለውጡ አልቻሉም። ስለዚህም ሥራው አልቆ ገበያው የጠፋበት ጊዜ መጣ።

ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ የዶና ሰመር «አይም ኤ ሬይንቦው» ነው። አሥራ ስምንት ዘፈኖች የያዘው ይህ ድርብ አልበም በ1981 ከጆርጅዮ ሞሮደርና ከፒት ቤሎት ጋር ተሠርቶ ካበቃ በኋላ ኩባንያው አልቀበልም በማለቱ ተቀመጠ፤ ዘፋኟም ከሌላ አዘጋጅ ጋር አዲስ አልበም እንድትሠራ ተደረገ። ከዘፈኖቹ አንዳንዶቹ በፊልም ማጀቢያነት አፈትልከው ወጡ፤ አልበሙ በሙሉ ለሕዝብ የቀረበው ግን በ1996 ነው። በዚያው በ1981 ናይል ሮጀርስና በርናርድ ኤድዋርድስ ለጆኒ ማቲስ ያዘጋጁት አልበምም እስከ 2017 ድረስ ሠላሳ ስድስት ዓመት ተቆልፎበት ቆይቷል።

የዳያና ሮስ «ዳያና» የተባለው አልበም ታሪክ ከእነዚህ ይለያል፤ ለመሐንዲስም ይበልጥ ትምህርት ይሰጣል። አልበሙ በ1980 ወጥቷል። ይሁን እንጂ እነዚያው ሁለት አዘጋጆች ያስረከቡት ሚክስ ተቀባይነት ስላላገኘ፣ ኩባንያው በራሱ ባለሙያ እንደ ገና አሠርቶ ነበር ያወጣው። የመጀመሪያው ሚክስ የተሰማው በ2003 ነው። ዘፋኟ ያችው፣ ዘፈኖቹም እነዚያው ሲሆኑ፣ የድምፆቹ ሚዛን በመለወጡ ብቻ አንዱ ሥራ ሁለት ሆነ። አንደኛው ዓለምን ሲዞር ሌላው ሃያ ሦስት ዓመት በሣጥን ኖረ። ከዚህ እንደምንረዳው «ያልወጣ» የሚለው ቃል የሥራውን ዋጋ አይናገርም፤ የሚናገረው አንድ ሰው በአንድ ቀን የወሰነውን ውሳኔ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ ምሥጢሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በአገር ውስጥ ሙዚቃ በሸክላ የማሳተሙ መብት ከ1948 ጀምሮ በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ገደብ ጥሶ በራሱ ስም ሸክላ ማውጣት ጀመረ። እስከ 1975 ድረስም አንድ መቶ ሦስት ነጠላ ሸክላዎችንና አሥራ ሁለት አልበሞችን አወጣ። ሌሎችም ተከተሉት። ነገር ግን የሸክላው ዘመን በጠቅላላው አሥር ዓመት እንኳ አልሞላም። ከ1969 እስከ 1978 በኢትዮጵያ የወጡት ነጠላ ሸክላዎች ወደ አምስት መቶ፣ አልበሞቹም ወደ ሠላሳ ቢጠጉ ነው። ከዚያ በኋላ ካሴት ቦታውን ወረሰ።

ዘመኑም ተለውጦ ነበር። ከ1974 በኋላ የተደነገገው ሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን ሌሊት አሳጠረው፤ ግጥምም በሳንሱር ማለፍ ግዴታው ሆነ። የዳንስ ሙዚቃ በሆቴሎች አዳራሽ ውስጥ ተጠልሎ ኖረ። ዋልያስ ባንድ በሂልተን፣ ዳህላክ ባንድ በጊዮን ሆቴል ይጫወቱ ነበር። የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር ሆኖ «ወደ ሐረር ጉዞ» የተባለውን ሥራ በካሴት አሳተመ። ሥራው ወጥቷል ይባል እንጂ የካሴት መውጣት እንደ ውኃ መፍሰስ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ እየሳሳ ይሄዳል፤ በመጨረሻም አሻራው ይጠፋል። ያው ሙዚቃ ለሁለተኛ ጊዜ በሸክላ ታትሞ ዓለም የሰማው በ2016፣ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር።

በዚያችው ዋሽንግተን በ1984 ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሄኖክ ተመስገን፣ አበጋዝ ክብረወርቅና ዮሴፍ ተስፋዬ አድማስ በሚል ስም «ሳንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበም በራሳቸው ገንዘብ አሳተሙ። የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድና የከበሮ መሣሪያ ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር የተገናኙበት ይህ ሥራ የታተመው በአንድ ሺህ ቅጂ ብቻ ነበር። እስከ 2020 ድረስ የሚያውቁት ሸክላ ሰብሳቢዎች ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ አልቀበልም ያለ ኩባንያ የለም። አድማጩ በአንድ አገር፣ ሙዚቀኛው በሌላ አገር በመሆናቸው ብቻ መንገዱ ሳይደርስ ቀረ።

ከሁሉም የሚገርመው ግን ፍጹም ዝምታ ውስጥ የኖረው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሥራ ነው። ሥራቸው ዲስኮ አይደለም፤ የተቀዳው ግን በዚያው የጭፈራ ዘመን፣ በዚያችው ከተማ ነው። እማሆይ ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ አዲስ አበባ በሚገኘው ቤታቸው ፒያኖ እየመቱ በገዛ ድምፃቸው የዘመሩትን በተራ የካሴት ቴፕ ቀድተው አስቀመጡ። ስብስቡ ለሕዝብ የወጣው እርሳቸው በመጋቢት 2023 በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ካረፉ በኋላ፣ በ2024 ነው። በቅጂው ውስጥ ከመስኮት ውጭ የሚንጫጩት ወፎች ሳይቀሩ ይሰማሉ። ያንን የአዲስ አበባ ረፋድ ማንኛውም ስቱዲዮ በገንዘብ ሊገዛው አይችልም።

እንግዲህ ምሥጢሩ የሚስበው ለምንድን ነው? የመጀመሪያው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ያልተሰማ ነገር ጉድለት የለበትም። አድማጩ በራሱ ሐሳብ ያሳምረዋል፤ ካሴቱ እስካልተከፈተ ድረስ የሚያስተባብለው የለም። ሲሰማ ግን ብዙ ጊዜ የሰው ሥራ ሆኖ ይገኛል። «አይም ኤ ሬይንቦው»ም ሲወጣ ብርቱም ደካማም ዘፈን ያለው ተራ አልበም ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የጠለቀ ነው። የወጣ አልበም በየዓመቱ ከአድማጩ ጋር ያረጃል፤ በሠርግ፣ በታክሲ፣ በሬዲዮ ይደጋገማል። ያልወጣው ግን እንደ ተቀዳ ይቆያል። ስለሆነም ሲከፈት የሚሰማው ዘፈኑ ብቻ አይደለም፤ ያ ቀን ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ግን የሙዚቃ አፍቃሪው የሚዘነጋው፣ መሐንዲስ ሊዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። «እንደ ተቀዳ ይቆያል» የሚለው አነጋገር ለጆሮ ያምራል እንጂ በቁሱ ላይ አይሠራም።

በ1963 ፊሊፕስ ለዓለም ያቀረበው ካሴት 3.81 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክር ላይ በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር እየተጓዘ ድምፅ ይቀዳል። የስድሳ ደቂቃ ካሴት ክር 86 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ውፍረቱ ከ18 ማይክሮን አይበልጥም። በስቱዲዮ የሚሠራበት ትልቁ ቴፕ ስምንት እጥፍ ፈጥኖ፣ በሰከንድ 38.1 ሴንቲሜትር ይጓዛል። ሁለቱም ግን በመሠረቱ አንድ ናቸው፤ የፕላስቲክ ክር፣ በላዩም በማጣበቂያ የተያዘ የማግኔት ዱቄት። ድምፁ ያለው በዱቄቱ ላይ ነው፤ ዱቄቱ ያለው በማጣበቂያው ምሕረት ነው። ማጣበቂያው እርጥበት ሲጠጣ ይሟሟል፤ በተለይ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተመረቱ አንዳንድ የስቱዲዮ ቴፖች ሲጫወቱ ዱቄታቸው ሄድ ላይ እየተላጠ ይቀራል። በካሴት ላይ ደግሞ ክሩን ከሄድ ጋር የሚያስጠጋው ትንሽ ስፖንጅ ሙጫው ደርቆ ይወድቃል። በጥቅልሉ ውስጥም የአንዱ ዙር ማግኔት በሚቀጥለው ዙር ላይ ያርፋል፤ ከዚህም የተነሣ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ድምፁ በስሱ ቀድሞ ይሰማል።

በዚህ ላይ የእሳትና የቸልታ አደጋ ይጨመራል። ጁን 1 ቀን 2008 በካሊፎርኒያ በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ የተነሣው ቃጠሎ የብዙ ታዋቂ ሙዚቀኞችን ዋና ቴፖች አጥፍቷል። ታላቅ መጋዘን ያለው ኩባንያ እንዲህ ከሆነ፣ በቁም ሣጥን ራስ ላይ የተቀመጠ ካርቶን ምን ዋስትና አለው? ደግሞም ክሩ ቢተርፍ ማጫወቻው ያልቃል፤ ቺንጋው ይላላል፤ ሮለሩ ይደርቃል፤ መለዋወጫ የሚያውቀውም ጠጋኝ ያረጃል።

ስለዚህ የመሐንዲሱ ድርሻ ምሥጢሩን ማድነቅ ብቻ ሊሆን አይችልም። ሥራው የታወቀ ነው፤ ውድም አይደለም። በመጀመሪያ የተገኘውን ካሴት በጉጉት በአሮጌ ቴፕ ውስጥ አለመክተት፤ አንድ የተበላሸ ሮለር ሠላሳ ዓመት የቆየውን በአንድ ደቂቃ ይበጥሰዋል። ሁለተኛ፣ ቀፎው የተሰበረውን ወደ ጤነኛ ቀፎ ማዛወርና የወደቀውን ስፖንጅ መተካት። ሦስተኛ፣ ሄዱን ማጽዳትና ዘንበልታውን በትንሿ ብሎን ማስተካከል፤ የደፈነ የሚመስል ብዙ ካሴት በዚህ ብቻ ይጠራል። አራተኛ፣ ቢያንስ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ያለ ምንም ማሳመሪያ መገልበጥ፤ ማጽዳቱ በኋላ በሌላ ቅጂ ላይ ይደረጋል። አምስተኛ፣ ቅጂውን በአንድ ቦታ ብቻ አለማስቀመጥ፤ ማን፣ መቼ፣ የት እንደ ቀዳውም ከባለቤቱ ጠይቆ መጻፍ። ስም የሌለው ድምፅ ዳግመኛ ይጠፋልና።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። መገልበጥና ማውጣት አንድ አይደሉም። አንዳንዱ ሥራ ያልወጣው ባለቤቱ ስላልፈቀደ ነው፤ በ2004 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅም የባለቤቱን ፈቃድ ያስከብራል። የመሐንዲሱ ሥራ ድልድዩ እንዳይፈርስ መጠበቅ ነው፤ መንገዱ ይከፈት ወይም አይከፈት የሚለው የባለቤቱና የወራሾቹ ውሳኔ ነው። ድልድዩ ከፈረሰ ግን የሚወስኑበት ነገር እንኳ አይኖራቸውም።

ወደ ጃጁራው ካርቶን እንመለስ። በውስጡ የአዲስ አበባ ባንድ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ይልቅ ደግሞ በአንድ ሠርግ ላይ በሀዲይሳ የተዘፈነ፣ ሌላ ቅጂ የሌለው ዘፈን ሊኖር ይችላል፤ የዘፈኑት ሽማግሌዎች በሕይወት የሉም፤ ግጥሙንም የያዘ ወጣት አይገኝም። ለእንዲህ ያለው ድምፅ ከኒው ዮርክም ሆነ ከፓሪስ መጥቶ የሚያሳትመው ሰብሳቢ መጠበቅ አይገባም፤ ቺንጋ መለወጥና ሄድ ማጽዳት የሚችል ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለና። «ምን እንዳለበት ማን ያውቃል?» ለሚሉት እናት መልስ ሊሰጣቸው የሚችለው እርሱ ነው፤ ክሩ እስኪላጥ ድረስም የሚጠብቀው ጊዜ ብዙ አይደለም።