ማማ ላይ ያለው ጠባቂ

 

የዛሬው ጉዳያችን የእሳት ማስጠንቀቂያ ነው። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. የመርካቶው ሸማ ተራ ሲቃጠል የስንቱ ሀብት ወደመ!

እንግዲህ የእሳት ማስጠንቀቂያ ማማ ላይ እንደተቀመጠ የገብስ ጠባቂ ነው። ጠባቂው ጭላዳ ዝንጀሮው ማሳ ሳይገባ ያያል፤ ይጮኻል። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ጭስ ጠቋሚውም ኮርኒስ ላይ ይገጠማል። ጭስ ሲያገኘው ለመቆጣጠሪያው ሳጥን ይናገራል፤ ሳጥኑም ደወሉን ያስጮኻል።

ታዲያ እንጀራ የሚጋገርበት ክፍል ውስጥ ጭስ ጠቋሚ አይሆንም። በየቀኑ በከንቱ ይጮኽና ሰው ይሰለቸዋል፤ የተሰለቸ ደወል ደግሞ ሰሚ የለውም። እዚያ የሚሻለው ሙቀት ጠቋሚ ነው።

ማስጠንቀቂያው መብራት ቢጠፋም እንዲሠራ ባትሪ ያስፈልገዋል። ፎቅ የምታስገነቡ፣ እባካችሁ፣ ግድግዳው ሳይለሰን የእሳት ማስጠንቀቂያው ሽቦ ይዘርጋ በሉ።