ቶርኔዶን ከፍርስራሹ ማንበብ

የጥሪ ወረቀቱ «የቶርኔዶ አፈጣጠርና ጠባይ» ይላል። እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ሥራቸውን ለዓመታት ስከታተል የኖርኩትን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። «ዛሬም ፉጂታን አመጣቸው» ብለው የሚሳሳቁ ባልደረቦቼን ከዚህ ሆኜ እያየኋቸው ነው።

ቴትሱያ ፉጂታ እ.ኤ.አ. በ1920 ጃፓን ተወለዱ። በ1945 ኮኩራ ከተማ አካባቢ የኮሌጅ መምህር ነበሩ። ሁለተኛው የአቶሚክ ቦምብ ሊጣል የታሰበው በዚህች ከተማ ላይ ነበር፤ ደመናና ጭስ ስለጋረዳት አውሮፕላኑ ወደ ናጋሳኪ ዞረ። ፉጂታ ከሳምንታት በኋላ ጉዳቱን ሊመለከቱ ናጋሳኪ ሲደርሱ፣ በመቃብር ስፍራ አበባ የሚቀመጥባቸው ቀርከሃዎች በአንድ ጎናቸው ብቻ ተለብልበው አገኙ። የቃጠሎውን አቅጣጫ ከተለያየ ቦታ ለክተው መስመሮቹን ሲያገናኙ ቦምቡ በምን ያህል ከፍታ እንደፈነዳ አሰሉ። ሂሮሺማ ላይ ደግሞ ከፍንዳታው ሥር የነበሩ ዛፎች እንደቆሙ ሲቀሩ፣ ራቅ ያሉት ወደ ውጭ ተገንድሰው ነበር። ይህችን ያዙልኝ።

በ1953 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ያኔ የቶርኔዶን ፍጥነት በቀጥታ መለካት የማይታሰብ ነበር፤ መሣሪያ ብትተክሉለት ነቅሎት ይሄዳል። በ1957 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ፋርጎ ከተማ በቶርኔዶ ስትመታ፣ ፉጂታ ነዋሪዎች ያነሷቸውን ፎቶግራፎች አሰባስበው እያንዳንዱ ከየት ቦታና በስንት ሰዓት እንደተነሳ አጣሩ፤ የማዕበሉንም ታሪክ ደቂቃ በደቂቃ ጻፉት። በ1971 በስማቸው የሚጠራውን ከ0 እስከ 5 ያለውን መለኪያ አወጡ።

እዚህ ላይ ጋዜጠኞች ካላችሁ አደራ! ደረጃው የሚሰጠው ጉዳቱ ታይቶ ነው፤ የነፋሱ ፍጥነትም ከጉዳቱ ይገመታል። በ2013 ኦክላሆማ ውስጥ ኤል ሪኖ አጠገብ የተነሳው ቶርኔዶ ስፋቱ 4 ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። ራዳር እጅግ ኃይለኛ ነፋስ መዝግቦበታል፤ ነገር ግን በአብዛኛው ያለፈው በገላጣ መስክ ላይ ስለነበር የተሰጠው ደረጃ 3 ነው። መሐንዲሶችም በደንብ ያልታሰሩ ቤቶች ከተገመተው ባነሰ ነፋስ እንደሚፈርሱ ስላሳዩ፣ በ2007 ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ የ5ኛው ደረጃ መነሻ በሰዓት ከ420 ወደ 322 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረደ።

አሁን ወደ ዛፎቹ። በኤፕሪል 1974፣ በአንድ ቀን ያህል ጊዜ 148 ቶርኔዶዎች 13 የአሜሪካ ግዛቶችን ደበደቡ። ፉጂታ በትንሽ አውሮፕላን ጉዳቱን ሲቃኙ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ ዛፎች ከአንድ መሐል በየአቅጣጫው ወደ ውጭ ወድቀው ተመለከቱ። ቶርኔዶ እያዞረ ነው የሚጥለው። ይህ ግን ሂሮሺማ ያዩት መልክ ነበር፤ አየር ከላይ ወርዶ መሬት ሲመታ የሚበተንበት። በዓመቱ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ሊያርፍ ሲቃረብ ወድቆ ከ100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ምክንያቱ ይኸው ቁልቁል የሚወረወር አየር ነው አሉ። ብዙ ባለሙያዎች አልተቀበሏቸውም። በ1978 ቺካጎ አካባቢ የተተከሉ ዶፕለር ራዳሮች ግን ክስተቱን ደጋግመው መዘገቡት። ከኋላ የተቀመጣችሁ የአብራሪነት ተማሪዎች፣ ዛሬ የነጎድጓድ ደመና ሥር አትረፉ የምትባሉት ከዚህ የተነሳ ነው።

ሰዓት ጠባቂው እያዩኝ ስለሆነ አፈጣጠሩን ልሩጥበት። በአሜሪካ ሜዳዎች ላይ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃትና እርጥብ አየር ይመጣል፤ ከምዕራቡ ደጋና በረሃ ደረቅ አየር ከላዩ ያልፋል። ነፋሱ ወደ ላይ ሲወጡ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ አቅጣጫውም ይለወጣል። እርሳስ በሁለት መዳፋችሁ መካከል አግድም ይዛችሁ የላይኛውን እጅ ብቻ ግፉ፤ እርሳሱ ይሽከረከራል። አየሩም እንዲሁ አግድም ይሾራል፤ ሽቅብ የሚወጣው ሞቃት አየር ያንን ሽክርክሪት ቀና ያደርገውና ደመናው ራሱ መዞር ይጀምራል። ቀዝቃዛ አየር ከማዕበሉ ጀርባ ሲወርድ መሬት አጠገብ ያለው ሽክርክሪት ይጠብባል፣ ወደ ላይም ይሳባል፤ ሲቀጥን ይፈጥናል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም አብዛኞቹ የሚዞሩ ደመናዎች ቶርኔዶ አይፈጥሩም። እኛ አገር በበጋ ሜዳ ላይ አቧራ እያዞረ የሚነሳው ነፋስ ዘመዱ አይደለም፤ እሱ በጠራ ሰማይ ሥር ከጋለ መሬት ይነሳል።

ጠባዩን በተመለከተ፦ አብዛኛው ከ10 ደቂቃ በታች ይቆያል። በ1925 ሚዙሪን፣ ኢሊኖይንና ኢንዲያናን ያቋረጠው ግን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ 695 ሰው ገደለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቶርኔዶ ከደመናው ወደ መሬት ይወርዳል እየተባለ ለረጅም ጊዜ ተምረናል። ኤል ሪኖ ላይ በየጥቂት ሴኮንዱ የሚቃኝ ተንቀሳቃሽ ራዳር ግን ብርቱው ሽክርክሪት መጀመሪያ የታየው መሬት አጠገብ መሆኑን አሳየ። ችግሩ ምድር ክብ ናትና የቋሚ ራዳር ጨረር በራቀ ቁጥር ከመሬት ከፍ እያለ ያልፋል፤ ታችኛውን ክፍል አያየውም። ስለዚህ የአሜሪካ የአየር ትንበያ አገልግሎት ዛሬም መንገድ ዳር ቆመው ደመናውን በዓይናቸው የሚከታተሉ በጎ ፈቃደኞችን ያሠለጥናል፤ ስልክ ደውለው «መሬት ነክቷል» የሚሉት እነሱ ናቸው። ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።