ስግደቱ ለማን ነው?

አቅራቢ 1፦ ወንድሜ፣ ፖርቱጋል ፋጢማ ላይ ምእመናን በጉልበታቸው እየዳኹ ወደ ጸሎት ቤቱ ሲሄዱ ያየ ሰው «ይህማ ማርያምን ማምለክ ነው» ቢል ይፈረድበታል?

አቅራቢ 2፦ አይፈረድበትም። ግን ጉልበታቸውን ብቻ አይቶ ከመፍረዱ በፊት አፋቸውንም ይስማ። ካቶሊኮች በመቁጠሪያው በእያንዳንዷ ትንሽ ዶቃ የሚሉት «ለምኝልን» ነው። አምላክን «ለምንልን» የሚለው ማን አለ?

አቅራቢ 1፦ ቃሉስ እሺ፣ ልቡስ? ልጇ የተረሳበት ጸሎት የለም ትላለህ?

አቅራቢ 2፦ አለ፣ አልክድም። ስጋቱም የቆየ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ኤጲስ ቆጶሱ ኤጲፋንዮስ ለማርያም ኅብስት የሚያቀርቡ ሴቶችን አጥብቆ ገሥጿል፤ እርሷ ትከበር፣ አምልኮ ግን ለሥላሴ ይሁን ብሎ። በ787 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤም ለመለኮት ብቻ የሚገባውን አምልኮ ከአክብሮት ስግደት ለየ።

አቅራቢ 1፦ እኛ ኦርቶዶክሶችም እኮ «የአምልኮ ስግደት»፣ «የጸጋ ስግደት» እንላለን!

አቅራቢ 2፦ አዎ፣ ነገሩ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም ሰባኪዎችን የማርያምን ክብር ከማጋነንም ከማሳነስም ተጠንቀቁ ብሏል።

አቅራቢ 1፦ ሰባኪዎቹን እሺ። እኔን የምታሳስበኝ ግን ጉልበቷ የተላጠው እናት ናት። ልዩነቱን ቁጭ ብሎ ያስረዳት አለ?