ጥያቄው ስለ ቤት፣ መልሱ ስለ ቁጥር!

(አዲስ አበባ የሚኖሩ የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬና የአካባቢው ተወላጆች በተገናኙበት ዝግጅት ላይ በንግግር የቀረበ)



«ስለ ቤት ጉዳይ ተናገር» ተብዬ ስጋበዝ መጀመሪያ ሳቅ ነው የመጣብኝ። የራሱ ቤት የሌለው ሰው ስለ ቤት ምን ይናገራል? ቆየት ብዬ ሳስበው ግን፣ በዚህ አገር ፓርላማ ቀርበው ስለ ቤት የሚናገሩት ሹማምንት የኪራይ ጭንቀት የሌለባቸው ሰዎች ናቸውና፣ አንድ ቀን እንኳ ተከራይ ቢናገር ምን አለበት አልኩ። «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባል የለ? እኔም ማደሪያ ሳይኖረኝ ወረቀት ይዤ የምዞር ሰው ነኝ፤ ዛሬ ከወረቀቴ ጥቂት ላንብብላችሁ።

የማነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሚኒስትር ፓርላማ ቀርቦ ስለ ቤት ሲጠየቅ ምን ብሎ ይመልሳል? መልሱስ አባይን ተሻግሮ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ይደርሳል ወይ?

ሕጉ ምን ይላል?

በወረቀት ላይ ከሆነ ምንም አልጎደለብንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው ይላል። ልብ በሉ፤ ሚኒስትሩ መልካም ፈቃዱ ሲሆን የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ ሲጠሩት የሚቀርብ ተጠያቂ ነው። አንቀጽ 90 ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ኢትዮጵያውያን ሁሉ ትምህርት፣ ጤና፣ ንጹሕ ውኃ፣ መኖሪያ፣ ምግብና ማኅበራዊ ዋስትና እንዲኖራቸው ይደረጋል ይላል። ይቺ «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ናት እንግዲህ የሚኒስትሮች ሁሉ ጃንጥላ። ዝናብ ሲመጣ እሷን ይዘረጋሉ።

ስብሰባውን በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ሚኒስትሩ ሪፖርቱን ያነባል። ከዚያ የተከበሩት አባላት አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ጥያቄያቸውን ይደረድራሉ። ሚኒስትሩ ማስታወሻ ይይዛል። ሁሉም ከጨረሱ በኋላ በአንድ ላይ ይመልሳል። ጥያቄው በጅምላ ይሰበሰባል፤ መልሱም በጅምላ ይሰጣል። በጅምላ የተሸጠ ዕቃ ደግሞ የቱ እንደጎደለ ማን ያውቃል? «ይህን ያህል ሺህ ቤት ተገንብቷል፣ ይህን ያህል ሺህ ታቅዷል፣ የአፈጻጸም ክፍተቶች አሉ፣ በቀጣይ ይስተካከላል» ይባላል። ጭብጨባ። ቡሬ ላይ በወር ደመወዟ አንዲት ክፍል ቤት መከራየት ያቃታት ነርስ ግን ጥያቄዋ ቁጥር አልነበረም። «እኔ መቼ? በስንት ብር? ከማን?» ነው የምትለው።

ሦስት መንግሥት፣ አንድ መልስ

አያቴ ቡሬ ውስጥ ጠላና አረቄ ሸጣ፣ ሁለት ክፍል ቤት ሠርታ ለበርበሬ ነጋዴዎች ታከራይ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። በሬዲዮ ሲነገር ከተማው ግማሹ አለቀሰ፣ ግማሹ ጨፈረ ይሉ ነበር። ኪራይ ስለተቀነሰ ተከራዩ ደስ ብሎት ነበር፤ እውነቱ መነገር አለበት። ለትርፍ ቤት ተገቢ ካሳ ይከፈላል ተብሎም በአዋጁ ተጽፎ ነበር። አያቴ ካሳውን ሳታየው ሞተች። ሁለቱ ክፍሎች ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑ ቤቶች የቀበሌ ድርሻ ነበሩና። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር የሚያድሰው ጠፋ። ለባለቤቷ ተከልክሎ፣ የወሰደውም ሳይጠግነው፣ ቤቱ በቁሙ አረጀ።

ኢሕአዴግ ሲመጣ መሬቱ ለባለቤቱ ይመለሳል ብሎ የጠበቀ ነበር። የተመለሰው ሊዝ ነው። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 80፣ በ1994 ዓ.ም. ቁጥር 272፣ በ2004 ዓ.ም. ቁጥር 721። አዋጁ ሦስት ጊዜ ተለዋወጠ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ማለቱን ግን አልተወም። አይሸጥም እየተባለ በጨረታ ሲወጣ፣ ካሬ ሜትሩን ከፍ ባለ ዋጋ ያሸነፈው ሲወስደው እናያለን። ይኼ መሸጥ ካልሆነ ምን ይባላል? የአስተማሪ ደመወዝ ይዞ ጨረታ የሚገባ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቀጥሎ ኮንዶሚኒየም መጣ። አዲስ አበባ ላይ በ1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. እንደገና ምዝገባ ሲደረግ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተሰለፈ። 10 በ90፣ 20 በ80፣ 40 በ60 እየተባለ በየባንኩ ተቆጠበ። ብዙ ሰው ቤት አግኝቷል፤ አልክድም። ግን ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ25,791 ቤቶች ዕጣ ወጥቶ ዕድለኛው ገና እልል ብሎ ሳይጨርስ፣ በኮምፒውተር ሥርዓቱ ላይ ማጭበርበር ተፈጽሟል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ። እንደገና የወጣው በ2015 ዓ.ም. ነው። ለዓመታት የቆጠበው ሰው ቤቱ «ላም አለኝ በሰማይ» ሆነበት። በየክልሉ ከተሞች የተጀመረው ኮንዶሚኒየም ደግሞ በአብዛኛው መንገድ ላይ ቀረ። እኛ ዘንድ የቀረልን በማኅበር ተደራጅቶ በዝግ ሒሳብ ገንዘብ አስቀምጦ ቦታ መጠበቅ ነው። የአጎቴ ልጅ አስተማሪ ነው፤ ሲመዘገብ ላጤ ነበር፤ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ይጠብቃል። ያስቀመጠው ብር ያኔ ግድግዳ ያቆም ነበር፤ ዛሬ ቆርቆሮ አይገዛም።

የኳስ ቅብብሉ

እስቲ ከእኛ አካባቢ የተመረጠ አንድ የምክር ቤት አባል ተነስቶ «ክቡር ሚኒስትር፣ የፍኖተ ሰላም ተከራይ ምን ይሁን?» ብሎ ጠየቀ እንበል። መልሱ «ጉዳዩ የክልሉ ነው» ይሆናል። እውነት አለው፤ በአንቀጽ 52 መሬትን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ባሕር ዳር ሄዳችሁ ስትጠይቁ «እኛ የምናስተዳድረው በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ነው» ትባላላችሁ። ይኼም እውነት ነው። ወደ ከተማ አስተዳደሩ ስትመጡ በጀት የለም። ሁሉም እውነት ይናገራል፤ ሁሉም ኳሷን ያቀብላል፤ ጎል የሚገባበት ግን ተከራዩ ነው።

የኪራይ አዋጁንም እዩት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ አከራይ በፈለገው ቀን ዋጋ አይጨምር ይላል። ጥሩ ነው! ግን ተቆጣጣሪውን የሚሰይሙት ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ተመረቀ። ለማሽኑ ሼድ ታሰበ። ለሠራተኛውስ? ማታ የት ይደር ብሎ የጠየቀ ማን ነው?

ጠያቂውስ ማን ነው?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በ2002ቱ ምርጫ ከ547 ወንበር የተቃዋሚ ፓርቲ አባል አንድ ሰው ብቻ ነበር። በ2007 አንድም አልነበረም። በ2013 ብልጽግና 410 ወንበር ሲወስድ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ። ጠያቂና ተጠያቂ በአንድ ፓርቲ ስብሰባ ላይ አብረው ተቀምጠው፣ በማግስቱ ፓርላማ ውስጥ አንዱ ጠያቂ አንዱ መላሽ ሲሆኑ፣ ያ ጥያቄ ነው ወይስ ቴአትር? ከአምስቱ የአብን አባላት አንዱ የመንግሥት ወጪን የሚቆጣጠረው ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ክርስቲያን ታደለ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ያለመከሰስ መብታቸው ሳይነሳ ታሰሩ። ስለ ገንዘብ አወጣጥ የሚጠይቅ ሰው የት እንደሚደርስ ሌሎቹ አዩ።

በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ 7 ቀን፣ ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የዜና ማሰራጫዎች የሆስፒታል ምንጭ ጠቅሰው ዘገቡ። ወጀት ትባል የነበረችውን ከተማ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ «የሰላም መንገድ» ብለው ነበር የሰየሟት። ስለ ቤት ኪራይ እያወራሁ ይህን ያነሳሁት ወድጄ አይደለም፤ ሰው በቤቱ በሰላም ውሎ ማደሩ ከቤት ጥያቄ ሁሉ የመጀመሪያው ስለሆነ ነው።

ታሪክ የሚያስተምረን ካለ፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በፓርላማ አለፈ። «የጎጃም ገበሬ ምን ይላል?» ብሎ ከልቡ የጠየቀለት አልነበረም። ገበሬው ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከዳሞት በጠመንጃ መለሰ። ደም ከፈሰሰ በኋላ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሱ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ያ ሁሉ ሰው ከመሞቱ በፊት በአዳራሽ ውስጥ በጥያቄና መልስ ሊያልቅ አይችልም ነበር? በአዳራሽ ያልተመለሰ ጥያቄ ሜዳ ላይ ይመለሳል። እኔ የምለምነው በአዳራሽ እንዲመለስ ነው።

ስለዚህ ለየተመራጮቻችን ሦስት ጥያቄ ጽፈን እንስጣቸው። አንደኛ፣ በማኅበር ተደራጅቶ በዝግ ሒሳብ ያስቀመጠ ሰው ቦታውን የሚያገኝበት የመጨረሻ ቀን መቼ ነው? ሁለተኛ፣ በየከተማችን ስንት ቦታ በጨረታ፣ ስንት በምደባ፣ ለእነማን ተሰጠ? ዝርዝሩ በየአስተዳደሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ የኪራይ አዋጁን በእኛ ከተሞች የሚያስፈጽመው የትኛው ቢሮ ነው? ሚኒስትሩ በቁጥር ቢመልስ ተመራጩ እንደገና ይጠይቅ፤ በክልል ቢያሳብብ የክልሉን ሹም ስም ያስነግር። ተመራጩ ዝም ካለ ደግሞ ለምን ዝም እንዳለ እኛ እንጠይቀው።

አያቴ ካሳዋን ሳታይ ሞተች። የአጎቴ ልጅ ቦታውን ሳያይ እንዳያረጅ እሰጋለሁ። ልጆቹ ደግሞ ይህንኑ ንግግር ሌላ አዳራሽ ውስጥ ቆመው እንዳይደግሙት እንጠይቅ።