«ሰው ወድቋል!» ሲባል አንተ የት ነህ?

(ለወጣቶች ከተደረገ አጭር ንግግር የተወሰደ)



እስቲ ኦሎምፒያን በዓይነ ሕሊናችሁ አምጧት። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነው። የታክሲው ሰልፍ ረዝሟል፣ የቦሌ መንገድ በመኪና ታጭቋል። በዚህ መሀል አንድ ልጅ ሲሻገር መኪና ገጨው።

ሰልፉ ላይ ብቻ ሃምሳ እንሆን ነበር። «እንሆን ነበር» ያልኩት እኔም ስለነበርኩ ነው። ቆሜ አየሁ። አጠገቤ ያለው ስልኩን አወጣ፤ አምቡላንስ ሊጠራ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሊቀርጽ ነው። እኔ ደግሞ «አንዱ ደውሎ ይሆናል» አልኩ። ያ «አንዱ» ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እሳታቸውን ጥለው የሮጡት በቆሎ የሚጠብሱት እማማ ናቸው። ነጠላቸውን አጣጥፈው የልጁን እግር እየተጫኑ ወደ እኛ ዞሩና «አንተ! ባለ ጥቁር ጃኬቱ! ምን ታያለህ፣ ደውል እንጂ!» ብለው ጮኹ። ባለ ጥቁር ጃኬቱ እኔ ነበርኩ። እጄ የተንቀሳቀሰው ያኔ ነው።

ወገን፣ እኛ ሃምሳችን ጨካኝ ስለሆንን ነው?

አይደለም። ዳርሊ እና ላታኔ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ አለ። ተማሪዎች በድምፅ ማጉያ አንድ ሰው በሚጥል በሽታ ሲሰቃይ ይሰማሉ። ብቻዬን ነኝ የሰማሁት ብሎ ካሰበው 85 በመቶው ለመርዳት ተነሳ። ሌሎች አራት ሰዎችም ሰምተዋል ብሎ ካሰበው ግን የተነሳው 31 በመቶው ብቻ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን አይደል? የወደቀ ሰው ጊዜ ግን ሃምሳችንም ሎሚውን ሌላው ያንሳው ብለን እንተያያለን።

ግን ሕዝብ ሲበዛ ሁሌ ክፉ ነው ማለት አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በአምስተርዳም፣ በላንካስተር እና በኬፕታውን የመንገድ ካሜራ የቀረጻቸውን ጠቦች ሲያይ፣ ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ሰው ጣልቃ ገብቷል። እኛስ? ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ቦምብ ሲፈነዳ፣ የማያውቀውን ቁስለኛ ተሸክሞ የሮጠው ማን ነበር? ያው ሕዝቡ ነው! የጎደለን ደግነት ሳይሆን የመጀመሪያው ሰው ነው።

አውቃለሁ፣ ሌላም ፍርሃት አለ። «አንተ ነህ የገጨኸው ቢሉኝስ?» «ለምስክርነት ስመላለስ ልከርም ነው?» «ሕክምናውን ክፈል ቢሉኝስ?» ይህ ፍርሃት ከመሬት አልበቀለም፤ በተግባር የደረሰበት ሰው አለ። ሆኖም ሕጉን እወቁት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ራሱን አደጋ ላይ ሳይጥል መርዳት እየቻለ፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሆን ብሎ ትቶ የሄደን ይቀጣል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ የመኪና አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል። ስለዚህ መርዳት ወንጀል አይደለም፤ ጥሎ መሄድ ነው የሚያስጠይቀው።

እንግዲህ ይህችን ያዙ፦

1. መጀመሪያ ለራስህ ተጠንቀቅ። መኪና እንዲቆም ምልክት ስጥ፤ ሁለት ሰው መሬት ላይ አያስፈልገንም።

2. «አንድ ሰው ይደውል» አትበል። እንደ እማማ ጠቁም፦ «አንቺ ባለ ሰማያዊ ሻርፕ፣ 907 ደውዪ!» ቀይ መስቀል 907፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ፖሊስ 991። አሁኑኑ ስልክህ ላይ መዝግባቸው።

3. ደም ከፈሰሰ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀህ ተጫን። የተገጨን ሰው እጅና እግሩን ይዘህ አትጎትት፤ አከርካሪው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

4. የሚጥል በሽታ ከሆነ ክብሪት አታሽትት፣ አፉ ውስጥም ምንም አታስገባ። ጭንቅላቱ እንዳይመታ ጠብቅ፤ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኛው።

5. ካሜራውን አጥፋ። የዚያ ልጅ እናት ልጇ መጎዳቱን ከቲክቶክ መስማት የለባትም።

ስለ ወገን ፍቅር ብዙ እናወራለን፣ ብዙ እንለጥፋለን። ፍቅራችን የሚለካው ግን ስሙን፣ ብሔሩን፣ ሃይማኖቱን ሳንጠይቅ አስፋልት ላይ ለወደቀው ሰው በምንሮጣት በዚያች አንድ ደቂቃ ነው። እኔ ያችን ደቂቃ አንዴ አባክኛታለሁ፤ እማማ ናቸው ያዳኑኝ።

ነገ «ሰው ወድቋል!» ሲባል፣ ሌላውን አትጠብቅ። «አንዱ» አንተ ነህ። «አንዷ» አንቺ ነሽ።



(አንብባችሁ ስትጨርሱ ሦስቱን ቁጥሮች ለአንድ ጓደኛችሁ ላኩ።)