ከነጋሪት እስከ ማተሚያ፤ በደብራችን የኀምሳኛ ዓመት መታሰቢያ በዓል የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የዚህ በዓል አዘጋጆች ስለ ማተሚያና ስለ ጋዜጣ ታሪክ ጥቂት ቃል እንድናገር አዘውኛል። ምናልባት ከእናንተ መካከል «የቅኔ መምህር ከማተሚያ ጋራ ምን አገናኘው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ማተሚያ ምንድን ነው ቢሉ፥ የአንዱን ሰው ቃል ለብዙ ሰው የማድረስ ጥበብ ነው። ቃልን ተቀብሎ ማቆየትና ማድረስ ደግሞ የቤተ ክህነት የጥንት ሥራዋ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ከደጃችን የራቀ አይደለም።

ጋዜጣ በማይታወቅበት ዘመን በቢቸናና በሞጣ አገር ቃል በሦስት መንገድ ይተላለፍ ነበር። አንደኛው ነጋሪት ነው። አዋጅ ነጋሪው በገበያ ቀን ሕዝብ በሚበዛበት ስፍራ ቆሞ ነጋሪቱን ያስጎስማል፤ ሰው ሁሉ ጸጥ ሲል የመንግሥቱን ቃል ይናገራል፤ የሰማም ላልሰማ ያሰማል። ሁለተኛው ብራና ነው። የርስትና የጉልት ነገር፥ የስጦታና የውርስ ነገር በወንጌሉ ኅዳግ ወይም በባዶው ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር፤ ይኸውም ቃሉ ከወንጌል ጋራ እንዲጠበቅና ሊሽረው የሚያስብ ሰው እንዲፈራ ነው። ሦስተኛውም ቅኔ ነው። ሹም ፍርድ ቢያጓድል፥ ባለጠጋ በድኻ ላይ ቢጨክን፥ ባለቅኔው በሰሙ አመስግኖ በወርቁ ይገሥጻል፤ ሰሚውም ያን ሲፈታና ሲተረጕም ይውላል። እንግዲህ አዋጁም፥ መዝገቡም፥ ትችቱም በነዚህ በሦስቱ ይፈጸሙ ነበር።

የብራናን ድካም ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ቆዳው ተወጥሮ ይፋቃል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ ብርዑ ከሸምበቆ ይቀረጻል፤ ቁም ጸሐፊው ጐንበስ ብሎ ወራትን ያሳልፋል። ሲጨርስም ስሙን ጽፎ አንባቢው በጸሎቱ እንዲያስበው ይለምናል። መምህሩ ደግሞ መጽሐፉን እያነበበ የጐደለውን ይመላል፥ የተሳተውን ያቀናል። በዚህም የብራና መጽሐፍ የሚጠየቅለት ጸሐፊና የሚመሰክርለት መምህር ነበረው። ጕድለቱ ግን ቅጂው ጥቂት መሆኑ ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን ቢቃጠል፥ ሌላ ቅጂ የሌለው መጽሐፍ ለዘለዓለም ይጠፋል።

በአውሮጳ ግን ዮሐንስ ጉተንበርግ የተባለ የጀርመን ሰው፥ እነርሱ እንደሚቈጥሩት በ1450ዎቹ ዓመታት፥ ከብረት በተቀረጹና ተነቃቃይ በሆኑ ፊደላት መጽሐፍ ቅዱስን አተመ። ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል ሲሆን የእኛ ግእዝ ወደ ማተሚያ ገባ። በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የኢትዮጵያ መነኮሳት ማረፊያ የሆነ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነበረ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው ከነዚህ መነኮሳት ግእዝን ተምሮ በ1505 ዓ.ም. መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ከግእዝ መጻሕፍት ሁሉ በመጀመሪያ የታተመው ይህ ነው። ዳሩ ግን ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ ሰየመው፤ ስሕተቱም በብራና ላይ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቅጂ በቀረ ነበር፤ በማተሚያ ስለ ሆነ ግን በየአገሩ ተሰራጨ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ማተሚያ እውነቱን እንደሚያበዛ ስሕተቱንም እንዲሁ ያበዛል።

ሁለተኛው ሰው የእኛው ወገን ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በአገራችን በሆነው ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት በተቃጠሉበት ጊዜ፥ ተስፋ ጽዮን የተባሉ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ወደ ኢየሩሳሌም፥ ኋላም ወደ ሮም ተሻገሩ። ከባልንጀሮቻቸውም ጋራ በ1540 እና በ1541 ዓ.ም. ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። በመጨረሻውም ስለ ተገኘው ስሕተት አንባቢውን ይቅርታ ለመኑ፤ ምክንያቱንም ሲያስረዱ አታሚዎቹ ፊደሉን ማንበብ እንደማይችሉ፥ አንባቢዎቹም የማተምን ሥራ እንደማያውቁ ገለጹ። እነሆ የቁም ጸሐፊው ትሕትና ወደ ማተሚያ ቤት ገባ ማለት ነው። የሠራውን የሚናገር፥ ለጐደለውም የሚጠየቅ ሰው በመጽሐፉ መጨረሻ ቆሞ ተገኘ።

ሦስተኛው ደግሞ የጎጃም ልጅ ነው። አባ አብርሃም፥ ፈረንጆች አቡ ሩሚ የሚሏቸው፥ ከጎጃም ተነሥተው ብዙ አገር ዞረው በምስር ተቀመጡ። በዚያም የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው አስሌን ባቀረበላቸው ጥያቄ ዐሥር ዓመት ያህል ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን በመላው ወደ አማርኛ ተረጐሙ። ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ በወረርሽኝ በምስር ዐረፉ። ጽሑፉን የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዝቶ መጀመሪያ ወንጌላትን፥ ኋላም ሐዲስ ኪዳንን፥ በ1832 ዓ.ም. ገደማም መላውን አሳተመ። አባ አብርሃም የድካማቸውን ፍሬ ታትሞ አላዩም፤ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በእርሳቸው እጅ ጀመረ። የጎጃም ሰው ይህን ለልጁ ሊነግር ይገባዋል።

ማተሚያ በቀይ ባሕር ጠረፍ በምጽዋ በ1855 ዓ.ም. ገደማ በሚስዮናውያን እጅ ተተከለ። ፊደላችን ለአታሚ ከባድ ነው። የላቲን ፊደል ሃያ ስድስት ሲሆን፥ የአማርኛ ፊደል ግን ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ፊደላትና ቍጥሮቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚህ ይበልጣሉ። ለያንዳንዱም የብረት ቅርጽ ያስፈልገዋል፤ ፊደል ለቃሚውም የያንዳንዱን ቦታ በቃሉ ማወቅ አለበት። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1890ዎቹ ዓመታት፥ እንድርያስ ካቫዲያስ የተባለ የግሪክ ሰው ጋዜጣ ሲጀምር መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ ይወጣ ነበር፤ ንጉሡም «አእምሮ» ብለው ስም አወጡለት። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መውጣት ጀመረ፤ በእርሱም የአገሩ ሊቃውንትና ወጣቶች አሳባቸውን ይገልጹ ነበር።

አሁን ወደ ገዛ አገራችን ልመለስ። በአምስቱ የጠላት ዓመታት ጠላት «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» የሚል የአማርኛ ጋዜጣ ያወጣ ነበር። በጎጃም፥ ይልቁንም በቢቸና አገር እንደ በላይ ዘለቀ ያሉ አርበኞች በዱር በገደል ሲዋጉ፥ በ1932 ዓ.ም. ክረምት ከሱዳን የተነሡ አውሮፕላኖች የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበትን የአማርኛ ጽሑፍ በጎጃም ላይ ይበትኑ ጀመር። ጆርጅ ስቲር የተባለ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ፥ በዚያን ጊዜ የጦር መኰንን የነበረ፥ ከኢትዮጵያውያን ጋራ ሆኖ «ባንዲራችን» የሚል ጋዜጣ በሱዳን ያሳትም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው በጎጃም ምድር ዐለፉ።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ ሁለት የታተመ ቃል በአንድ አገር ተገናኘ። ሁለቱም በአማርኛ፥ ሁለቱም በማማር ፊደል የታተሙ ነበሩ። ሰው በምን ለያቸው ቢሉ፥ ማኅተሙን አይቶ፥ የሚያውቀውን ከሚያነበው አስተያይቶ፥ ከታመነ ሰው ጠይቆ ነው። ማንበብ የሚያውቀውም ባብዛኛው የቤተ ክህነት ተማሪ ነበርና ወረቀቱን ለወገኑ የማንበብ ሥራ በርሱ ላይ ወደቀ። የታተመ ስለ ሆነ ብቻ ማመን እንዳይገባ አገራችን ይህን ትምህርት በደም ዋጋ ተምራዋለች።

ከነጻነት በኋላ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ወጣ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ ሲመሠረት ስሙ «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ። ስሙን የሰጡት ሰዎች ወረቀቱ የነጋሪቱ ወራሽ መሆኑን ማወቃቸው ነው። ነጋሪት ለሰማው ሁሉ ነው፤ የወረቀቱ ነጋሪት ግን ለሚያነበው ብቻ ስለ ሆነ፥ ያላነበበው ገበሬ ሕጉን ከሰው አፍ ይጠብቅ ነበር። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት ዐዋጅ ከወጣ በኋላም የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች በብዛት ወጡ፤ ከነርሱ ብዙዎቹ ኋላ ቆመዋል።

ከመጽሐፍ ወደ ድምፅ የተመለሰም አለ። ሀዲስ ዓለማየሁ የዚሁ የምሥራቅ ጎጃም ልጅ ናቸው፤ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የቅኔ ተማሪን ሕይወት ለአገር ሁሉ አሳየ። ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነቡት ፊደል ያልቈጠረ ሰው ሁሉ ሰማው። ከዲማ ጉባኤ የወጣ ቃል በማተሚያ ዐልፎ ወደ ጆሮ ተመለሰ።

አሁን በልባችን ያለውን ክርክር እናንሣ። አንዳንድ መምህራን ቅኔ መታተም የለበትም ይላሉ። ምክንያታቸውም ጽኑ ነው፤ ቅኔ ለዕለቱ የሚወለድ፥ አንድ ጊዜ ተሰምቶ የማይደገም ነው፤ ታትሞ ከተገኘ ተማሪው መፍጠሩን ትቶ መቅዳት ይለምዳል። ደግሞም «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት በጉባኤ ቤት አይሠራም፤ ትርጓሜውም ቅኔውም ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ልብ ስንት መቶ ዓመት ሳይረሳ ተሻግሯልና።

ሌሎቹ ደግሞ መታተም አለበት ይላሉ። የቃል ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ቢበጠስ ሁሉ ይበተናል። ጉባኤ ቤት ተማሪ ሲያንሰው፥ መምህሩ ሲያርፍ፥ ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል። መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ በ1963 ዓ.ም. «መጽሐፈ ቅኔ» ባያሳትሙ ኖሮ የብዙ ሊቃውንት ቅኔ ከስማቸው ጋራ በጠፋ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግእዝ መዝገበ ቃላትም እንዲሁ ነው፤ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፥ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሰጡት፥ እርሳቸውም ሲያርፉ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት አበቁት። አደራው ከአፍ ወደ እጅ፥ ከእጅ ወደ ማተሚያ ሦስት ትውልድ ተሸክሞ ዘለቀ።

እኔ በመካከላቸው ስቆም ሁለቱም እውነት ይዘዋል እላለሁ። ቅኔ ይታተም፤ ነገር ግን ከነባለቤቱ ስም፥ ከነተነገረበት ዕለትና ስፍራ፥ ከነምስጢሩ ፍቺ ይታተም። ትምህርቱ ግን እንደ ቀድሞው ከመምህር እግር ሥር ይሁን። መጽሐፍ የሞተውን ሊቅ ቃል ያቆያል፤ ሊቅን የሚወልድ ግን ጉባኤ ነው።

ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ያለው ስልክ ደግሞ ነጋሪትም፥ ጋዜጣም፥ ሬዲዮም ሆኖአል። ማንም ሰው ያለ ቁም ጸሐፊ ስም፥ ያለ መምህር እርማት፥ ያለ ማኅተም ቃሉን በአንድ ቅጽበት ለሺህ ሰው ያደርሳል። ሐሰተኛ ወሬ ጎረቤትን ከጎረቤት ሲያጋጭ፥ እናትን በሕይወት ባለ ልጇ ላይ ሲያስለቅስ በዘመናችን አይተናል።

ስለዚህ ለዚህ ደብር ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፥ የዕቃ ቤታችን መጻሕፍት ከነልካቸውና ከነኅዳግ ጽሑፋቸው ይዘርዘሩ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ዘርዝረው በ1904 ዓ.ም. አሳትመዋል፤ በ1960ዎቹ ዓመታትም የብዙ አድባራት ብራና በፎቶግራፍ ተነሥቶአል። ያልተዘረዘረ መጽሐፍ ቢሰረቅ ማን የኔ ነው ይላል? ሁለተኛ፥ በየበዓሉ በዚህ ደብር የሚነገረው ቅኔ ከነባለቤቱ ስም በመዝገብ ይጻፍ። ሦስተኛ፥ ወሬ በስልክ ሲደርሰን ለሌላው ከማሳለፋችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፤ የተናገረው ማን ነው? ያየው ማን ነው? ሐሰት ቢሆን የሚጠየቅለት ማን ነው? መልስ ከሌለው ከእኛ ዘንድ ይቅር።

ይህም መጽሔት የታተመ ቃል ነው። ከኀምሳ ዓመት በኋላ የሚያነቡት የልጆቻችን ልጆች ናቸው፤ እነርሱም ዛሬ የጻፍነውን እውነት ነው ብለው ይቀበሉናል። ስለዚህ አዘጋጆቹ ያላረጋገጡትን እንዳያስገቡ፥ የጻፈም ሁሉ ስሙን እንዲያኖር አሳስባለሁ።

የአባቶቻችንን አምላክ ደብራችንን ይጠብቅልን፥ ጉባኤያችንንም ያስፋልን ብለን እንለምነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።