አሮጌውና አዲሱ አይሮፕላን በረጅሙ መንገድ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 «አዲሱ አይሮፕላን ከአሮጌው በምን ይበልጣል?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው «በፍጥነት ነዋ!» ብሎ ይመልሳል። ነገሩ ሲመረመር ግን መልሱ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን የውጭ አገር ጉዞ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም በፈረንጆች አቈጣጠር 1946 መሆኑ ነው። ጉዞው ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲሆን፣ አይሮፕላኑም በጦርነቱ ዘመን የተሠራ ባለ 2 ሞተር ዳግላስ ሲ 47 ነበር። ይህ አይሮፕላን በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ፣ በአየር ላይ ብቻ 8 ሰዓት ያህል ይፈጅበት ነበር። የውስጡም አየር በግፊት የሚጠበቅ ስላልነበረ፣ ከደመናው በላይ ከፍ ብሎ በጸጥታ ለመሄድ አይመችም ነበር።

በ1950 ዓ.ም. ባለ 4 ሞተሩ ዲሲ 6 ቢ መጣ። እርሱ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ፣ የመንገደኛውንም አየር በግፊት እየጠበቀ አውሮፓ ያደርስ ጀመር። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ቦይንግ 720 ቢ የተባለው ጄት ሥራውን ሲጀምር ፍጥነቱ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ደረሰ። የልደታው ሜዳ ለጄት ስላልበቃም ቦሌ ተሠራ።

እንግዲህ ልብ በሉ። በ17 ዓመት ውስጥ ፍጥነቱ 3 እጥፍ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ግን ከ60 ዓመት በላይ አልፎ፣ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የመጣው ቦይንግ 787 እንኳ የሚበረው በዚያው በ900 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከድምፅ የፈጠነው ኮንኮርድም በፈረንጆች ከ1976 እስከ 2003 ድረስ መንገደኛ ካመላለሰ በኋላ፣ ወጪው ከብዶ ቀርቷል።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? በነዳጁ ቁጠባና በአንድ ጉዞ በሚደረስበት ርቀት ላይ ነው። የቀድሞው ጄት ሞተር ጥቂት አየር አግሎ በታላቅ ኃይል ወደ ኋላ ይተፋ ነበር፤ የዛሬው ግን በፊቱ ባለው ሰፊ ማራገቢያ ብዙ አየር ዝግ አድርጎ ይገፋል፤ በዚህም ምክንያት ያንኑ ሥራ ባነሰ ነዳጅ ይሠራል። አካሉም ቀሏል፤ ከ787 ክብደት ግማሹ ያህል ከካርቦን ክርና ከሙጫ የተሠራ ነው። ስለዚህ ቀድሞ 4 ሞተር ይጠይቅ የነበረው ረጅም መንገድ ዛሬ በ2 ሞተር ይኬዳል። የአሜሪካ ሕግ ባለ 2 ሞተር አይሮፕላን ከማረፊያ ሜዳ ከ60 ደቂቃ በላይ እንዳይርቅ ያግድ ነበር፤ በፈረንጆች 1985 ግን ሞተሩ አስተማማኝ መሆኑ ስለ ታየ እስከ 120 ደቂቃ ተፈቀደ።

የእኛም አየር መንገድ በዚህ ታሪክ ድርሻ አለው። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አዲሱ ባለ 2 ሞተር ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ፣ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ፣ በ13 ሰዓት ከሩብ ገደማ በመካከል ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። ይህም በዚያን ጊዜ ለባለ 2 ሞተር የርቀት ሪኮርድ ሆኖ ተመዝግቧል።

ወደዚህ በአንድ ትንፋሽ ከተመጣ፣ ወደዚያ ሲኬድ አይሮፕላኑ ነዳጅ ለመጨመር ሮም ወይም ደብሊን ሲያርፍ የኖረው ስለ ምን ነው? መልሱ ከእግራችን ሥር ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው 4 አምስተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ክንፉም ያነሰ ያነሣል፤ ሞተሩም ያነሰ ይገፋል። እንግዲህ መንገደኛው ሁሉ ከተሳፈረ ነዳጁ መቀነስ አለበት። በቢሾፍቱ አጠገብ እንዲሠራ የታቀደው አዲሱ ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ባለ ስፍራ የሚሆነው ይህንንም ችግር ያቃልላል።

በዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ፤ 787 በሰማይ ላይ 12,000 ሜትር ከፍ ብሎ ሲበር፣ በውስጡ ያለው አየር ከ1,800 ሜትር ከፍታ ጋር እንዲተካከል ተደርጓል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው በደመና ላይ ተቀምጦ፣ ከቤቱ ይልቅ ወፍራም አየር ይተነፍሳል ማለት ነው!

ሆኖም አሮጌውን ልንንቀው አይገባም። ዳግላስ በሣር ሜዳ ላይ ያርፍ ነበርና መኪና ለመድረስ ቀናት የሚፈጅባቸውን ከተሞች ከዋና ከተማው ጋር አገናኝቷል፤ ትልቁ 787 ይህን ሊያደርግ አይችልም። ለሁሉም እንደ ሥራው ክብር ይገባዋል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ረጅሙን መንገድ ያሳጠረው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም አየርን፣ ሙቀትንና ክብደትን በትዕግሥት የመረመረ አእምሮ ነው። ይህም በየቀኑ በፊዚክስና በሒሳብ ክፍል የምንማረው ነው። የከፍታችንን ዕዳ የሚያቃልል ዘዴ ገና ይፈለጋል፤ ከሌላው ሰው ይልቅ እኛ ደገኞቹ ብንፈልገው ተገቢ ነው።